ይሰወር

ሦስት ቀን ሆነው ዝናቡ ቫልዲቪያ ላይ መውረድ ከጀመረ፤
የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ከውስጥ በእንፋሎት ታወረ።
ሮሳውራ ሹራብ ደርባ፣ እግሯን ከማሞቂያው አስጠግታ፣
የማገዶ ድጎማ ቅጽ ትሠራለች ጠዋት ማታ።

ሥራዋ ይኸው ነው፤ የማይመለከተውን ከሰው ፊት ገለል ማድረግ፣
የሚመለከተውን ማቅረብ፣ ለአመልካቹ መንገድ መጥረግ።
ምድጃዬ በእንጨት ነው ካለ፣ «በዓመት ስንት ይፈጃል?» ይባል፤
በጋዝ ነው ካለ፣ ጥያቄው ሹልክ ይበል ከመሃል።

ትዳር ላይ ስትደርስ ጻፈች፦
  «ያገባ» ከተመረጠ፣ የሚስት ስም ይታይ፤
  ካልሆነ፣ ይሰወር።
የቀዘቀዘ ሻይዋን ጨለጠች፤ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

አንዲት መስመር ቀርታት ነበር፤ ፋብሪሲዮ ሁሌ የሚደጋግማት፦
«የሰወራችሁትን ሣጥን ባዶ አድርጉት፤ እንዲሁ አትተዉት።
ያልታየ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አስተውሉት!»

መዝገቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከሷ ጎን ነው።
ከኒየብላ የመጣ ማመልከቻ፤ ስሙ ጉም ማለት ከሆነው መንደር።
ኤሌውቴሪዮ ኦያርዞ። ሰማንያ አንድ ዓመት።
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት።
የሚስት ስም፦ (እዚህ ምንም መኖር አልነበረበትም)
ኦርቴንሲያ።

ጣቱ የሄደበትን ማሽኑ ሁሉ ይመዘግባል።
እንደ ልማዱ «ያገባ» ብሎ ጀመረ፤ ስሟን ጻፈ፤
ኋላ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ወደ ታች አለፈ።
ሣጥኑ ከነስሟ ብን አለ።
ደነገጠ? እንጃ። ወደ ላይ ተመለሰ፦ «ያገባ»።
ስሟ እንደነበረ ብቅ።
ወደ ታች፤ ጥልቅ።
ወደ ላይ፤ ብቅ።
አሥራ አንድ ጊዜ።
በመጨረሻው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣
ስሟ በርቶ አራት ደቂቃ ምንም አልነካም፤ ነበረ ሲያይ።
ከዚያ እውነቱን መረጠና ላከ።

ስሙ ግን ተሰውሮ አብሮ ተጓዘ፤
ማሽኑም ራስ ቆጥሮ የሁለት ሰው እንጨት አዘዘ።

ፋብሪሲዮ ተቆጣ። ሮሳውራ ያቺን መስመር ጻፈች፤
ሰባት ቃል አትሞላም። ስትጽፍ ግን ብዙ ቆየች።
ከእንግዲህ የሚሰወር ሁሉ ይጠፋል።

«ይሰወር» ስንል ግን ምን ማለታችን ነበር?
ከዓይን ይራቅ? ወይስ ከክፉ ይጠበቅ?
ቃሉ ሁለቱንም ያዘለ ነው፤ እኛ አንዱን ብቻ አዘዝን።

የኦርቴንሲያን ድርሻ ግን ጭነው ወስደዋል።
ሾፌሩ እንደነገረኝ ሽማግሌው ለብቻ አስደርድሯል፤
ከአጥሩ ሥር፣ ሁለት ሜትር ኩብ ደረቅ ኡልሞ፣
በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ፣
ዝናቡ ላዩ ላይ እየወረደ።