በበርበሬ ሚዛን

ጥንድ ጥንዱን ተጠምዷል ጫማው እንደ በሬ፤
መራዊ ገበያ ልመርጥ መጣሁ ዛሬ።
ሥራዬ ውሃ ነው፤ የቦይ በር ከፋች ነኝ፤
ባለተራ ሲጣላ መሐል የምገኝ፤
ከቆጋ ግድብ ሥር እስከ ታች ማሳ ድረስ
ስሄድ ነው የማድረው፣ ስወርድ፣ ስመለስ።
ጭቃው ቀይ ነው፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ፣
እንደ ክፉ አበዳሪ ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ።

አምና አካፋ ስቶ ከይርሳው ግራ እግር
ሁለት ጣት ወሰደ፣ ለቦዩ እንደ ግብር።
ዛሬም በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ ይላል፦
«ጣቶቼ፣ ደህና ናችሁ?» ሁሉም ሰው ይስቃል።
እኔም እየሳቅሁ ጣቴን እቆጥራለሁ፤
አሥር ናቸው፤ አሥሩንም እፈልጋቸዋለሁ።

«ይህን እንካ» አለኝ ነጋዴው አንለይ፤
አፍንጫው ብረት ነው፣ ተረከዙ ድንጋይ፤
የመንገድ ሥራ ጫማ፣ ከካምፕ ሾልኮ የወጣ፣
መኪና ቢሄድበት ጣት የማያስቀጣ።
አጠለቅሁት። ቆምሁ። ሁለት ርምጃ ሄድሁ።
እግር ብረት መሰለኝ፤ ዋስ ጥሩልኝ አልሁ።
ይህ ለቆመ ሰው ነው፣ ለዘበኛ፣ ለበር፤
እኔ ሌሊቱን ሙሉ የምነጉድ በእግር።

ኮንጎውን አነሣሁ፤ ቀላል ነው እንደ ሐሜት፤
እንደ ሐሜት ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት።
ሸራ ጫማው ጌጥ ነው፤ ግን ከቦይ ከገባ
ጠጥቶ ይሰክራል፤ አዝዬው ቤት ልግባ?
በረባሶን አውቃለሁ፣ ጎማው አያልቅም፤
ጭቃ ግን በጎኑ ሲገባ አይጠይቅም።

አንለይ በመጨረሻ እጁን ከጆንያ ሰደደ፤
ቦት አወጣ፣ ረጅም፣ እስከ ጉልበት የሄደ፤
ቅጠልያ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ገላው ግን እንደ አረፋ።
«ቀላል ነው!» ብሎ ማለ፣ ድምፁን እያሰፋ።
«ቀላል» የሚለው ቃል ነጋዴ አፍ ላይ ከብዶ አያውቅም፤
በሚዛን ካላየሁ፣ በመሐላ አልሸምትም።

ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ፣ ወደ አትጠገብ በርበሬ፤
«እባክሽ ይህን መዝኚ።» «ዛላ ነው ወይስ ፍሬ?»
የብረቱ ጥንድ ሁለት ኪሎ ከሩብ።
ቅጠልያው ስምንት መቶ ግራም።
ሰው ከበበን፤ «ጫማ ወጥ ሊሠራ ነው» አለ አንዱ፤
ሳቁ እስከ እህል ተራ ተሰማ።

አትጠገብ አልሳቀችም።
ቀሚሷን ትንሽ ገለጥ አደረገች፦
እግሯ ታጥቧል፣ ቅባት ተቀብቷል፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤
ጫማ ሰፊ ለክቶ በሰፋው ቆዳ ውስጥ
እንደ ሊጥ ሞልቷል።
«ሠላሳ ዓመት ይህን ቀይ አፈር በባዶ እግሬ አረምሁት፤
ጫማ ነበረኝ እኮ፤ ከባድ ነበር፤ ለበዓል አስቀመጥሁት።
ይሳቁ ወንድሜ፤ አንተ ግራም ቁጠር፤
የከበደ ጫማ ቤት ይቀራል፤
ቤት የቀረ ጫማ አያድንም እግር።»

እንስራ ሻጯን ለምኜ የቀኙን ውሃ ሞላሁት፤
አንጠልጥዬ፣ ታች ጎንበስ ብዬ፣ ያነባ እንደሆን አየሁት።
አላነባም።
አንለይ ሃያ ብር ቀነሰ፤ ያውም እየተነጫነጨ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሦስተኛውን በር ከፈትሁ፤
ጭቃው እንደ ልማዱ ያዘኝ፤ ሳብ አድርጌ ተላቀቅሁ።
ቀኙ ደህና ነው። ግራው ግን ነደደ፣ ጣት በጣት፤
ቁጭ ብዬ አወለቅሁት፣ ከቦዩ ደረት፤
ስገለብጠው፣ ከሚዛኑ የተረፈ የበርበሬ ብናኝ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እንባዬ እስኪመጣ አስነጠሰኝ።
«ይማርህ!» አለ ይርሳው፣ ከማዶ፣ ከጨለማ።
«እግሬን ይማር» አልሁት፤ አራግፌ አጠለቅሁ ጫማ።