የበሩ ዘይት

ወንድሞቼ የእናቴን ቤት ሲካፈሉ፣
ቆርቆሮውን ዳምጠው፣ ድንጋዩን ተክሉ፤
ለእኔ በሩ ደረሰኝ።
ሰው ሁሉ ብረት ሲያስገጥም፣ የጥድ በር ማን ሊገዛኝ?

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን፣ በአይሱዙ ላይ ከበግ ጋር ጭኜ
አመጣሁት። ሾፌሩ «በር ብቻ?» አለ። «በር ብቻ» አልኩት፤ አዝኜ
አይደለም ድምፄ የሰለለው፤
በርዶኝ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሱፍ ሳጥብ በብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
እጄ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጥቋል፤ ሶዳው ያልነካ
ጣት የለኝም።
ጠጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይወጣል፤ ቫዝሊኑ ላይ ላዩን ነው።
«የጥድ ዘይት ነበር» ትላለች ይፍቱሥራ፤ «ለሁለቱም መላው።»
ጥድስ ከየት ይመጣል? ወፍ ዋሻ ዘብ አለው፤
ዝንጣፊ የያዘ እንኳ ቀበሌ ነው የሚያድረው።
ያን ጊዜ ሁለታችንም
ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን አየን፤ ምንም
አልተባባልንም።

ጋሽ አጥናፉ መላጊያውን ስሎ መጣ።
የውጩን ገጽ ሲልገው፣ ግራጫው ተገፎ ቀይ ወጣ፤
የበግ ጉበት የመሰለ ቀይ። ሽታውም አፍንጫ የሚመታ፣
መቶ ዓመት አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው ሲናገር የሚመስል ሽታ።
ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወደቀ፤ ልጆች እንደ ቀለበት አጠለቁት።
ከዚያ በሩን ገለበጠው፤
እጁ ቆመ።

በውስጥ በኩል፣ ከመወርወሪያው በላይ፣
ልክ በሴት ግንባር ቁመት ላይ፣
መዳፍ የሚያህል ጥቁር ወዝ።
በጥፍሩ ፋቀው፤ አሸተተው። «የራስ ቅቤ ነው» አለ።
«የአንድ ቀን አይደለም። ስንት ክረምት ጠጥቷል።»

ፋብሪካ ልገባ ስሄድ ሳልሰናበት ነው የሄድኩት።
በዓመቱ፣ በሐምሌ ሌሊት፣ ተመልሼ አንኳኳሁት።
አልተከፈተም።
ግንባሬን እንጨቱ ላይ አድርጌ እስኪነጋ ቆምኩ፤
ሳምንት ሙሉ ጠጉሬ ጥድ ጥድ አለ፤ ታጠብኩ፣ ታጠብኩ።
ተኝታለች ብዬ ነበር።
አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣
ተኝታለች ብዬ ነበር።

«ልላገው?»
«እሱን ተወው።»
በመጋዝ ዙሪያውን ቆርጦ ሰጠኝ፤ ሌላውን ላገው።

ሁዳዴ ነው፤ ይፍቱሥራ አረቄ አላወጣም ብላ ተስላለች።
ገንቦዋን በፍቅፋቂ ሞላን፤ አፉን በሊጥ መረገች፤
መቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰደድነው።
የጌሾው ነገር ከገንቦው አልለቀቀም ነበርና፣
የፊተኛው እንፋሎት ሰፈሩን አሳሳተው፤ ከቅዳሴ ሲወጡ ገና
ሦስት ሽማግሌዎች ጎራ አሉ፦ «ስእለቱን ፈታሽው እንዴ?»
አሸተቱ። ተያዩ። አንደኛው
«ይሄስ ሳጥን ሳጥን ይላል» ብሎ አማተበ።

ከአንድ ሙሉ በር
አንድ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ። እሱም ጎደሎ።
ቸኩዬ እንዳለ አናቴ ላይ ጠብ ባደርገው፣ በርበሬ!
«ብቻውን አይችሉትም» ብላ ጮኸች፤ «ይለዝባል በጉሎ።»
ሦስት ጠብታ በአንድ ሲኒ የጉሎ ዘይት፣ ለጠጉር፤
ለእጅ ኑግ ይሻላል፣ ማታ፣ አልጋ ውስጥ ሲገባ፤
እንቅልፍ ለሸሸው አንዲት ጠብታ በፍል ውሃ፣
ጋቢ ተከናንቦ፣ ዓይን ጨፍኖ።
ከሥር የቀረውን ውሃ አልደፋንም፤ ነጠላ አለቀለቅንበት።

ስንጥቁ ገጥሟል፤ ሁለት ጣቶቼ ግን እምቢ አሉ።
ጠጉሬ መውጣቱን ቀንሷል፤ ወይ እኔ መቁጠር ትቻለሁ።
ቁራጩን ከራስጌዬ አኑሬዋለሁ።
መብራት ሲጠፋ ግንባሬን አስጠጋለሁ፤
አሁን በውስጥ በኩል ነኝ።

ትናንት ዳምጠው ደወለ። ቆርቆሮው ዝጎ ኖሯል፤
ራሱም ተመልጦ፣ ሚስቱ ስቃበት፣ ተናዷል።
«ከበሩ ዘይት ወጣ አሉ፤ የእኔስ ድርሻ?»
ሦስት ጠብታ በጉሎ ለውሼ፣
በዚያው በአይሱዙው ሾፌር ላክሁለት።
ለምን እንዳለዘብኩት
አልነገርኩትም።