ያልተነበበ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግቢው ጭር ብሎ፣
ዝናቡ ከጅሬን ቁልቁል ተንከባሎ
የቢሮዬን ጣራ ሲደልቅ ሰምቼ፣
«ዛሬ ይለይለታል» አልኩ፣ እጄን አፍታትቼ።
የኢሜይል ሣጥኔ ሆዱ ተነፍቶ
አሥራ አንድ ሺህ ሆኗል፣ ካናቱ አራት መቶ፤
ቀዩ ቁጥር ግንባሩ ላይ፣ እንደ ትኩሳት
ዕለት ዕለት ሲወጣ፣ እኔ ስሸሸው በብልሃት።

ዘይነባ ከጎን ክፍል አንገቷን ብቅ አርጋ፦
«ሁሉንም ምረጥና ሰርዝ! ምን ያስፈራሃል?
የሚፈልግህ ሰው ቢኖር ይደውላል።»
እኔ ግን አልቻልኩም፤ ያባቴ ልጅ ነኛ፣
የሄርማታ ገበያ፣ የሐሙስ ሚስማረኛ፣
የዛገ፣ የጎበጠ፣ አንዱንም ሳይረሳ
በቁመት ለይቶ የሚያኖር በጣሳ።
ስለዚህ ጣሳዎች ደረደርኩ በተራ፤
«ስብሰባ» አልኩ አንዱን፣ አንዱን «አስቸኳይ ሥራ»፣
አንዱን «ቆይ እናያለን»። እሱ ቶሎ ሞላ፤
የኔ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ሲያደላ።

ባንኩ ስድስት ጊዜ «እንኳን ተወለዱ» ብሎኛል፤
እናቴ እንኳ ቀኑን አታውቀው፣
እሷ የምታስታውሰው
ቡናው መቅላቱን፣ ዝናቡ መተዉን ነው።
ሥልጠና በአዳማ፦ አልፏል።
ሥልጠና በቢሾፍቱ፦ እሱም አልፏል።
«የይለፍ ቃልዎ ነገ ያበቃል»፦
አብቅቶ፣ ተቀይሮ፣ ተረስቷል።
አንድ የማላውቀው ልዑል ወርቁን ሊያካፍለኝ
ለምኖ ለምኖ ደክሞታል።
«ለሁሉም ሠራተኞች»፣ «ለሁሉም ሠራተኞች»፤
ለሁሉም የተጻፈ ለማንም አይደለም፣
እያልኩ ስሰርዝ አንዱ እጄን ያዘኝ፦

«ጥቁር ጃንጥላ፣ እጀታው የእንጨት፣
ላይብረሪ ደጃፍ ተረስቶ ተገኝቷል።
ባለቤቱ ቀርቦ ከጥበቃ ይውሰድ።»

ቀኑን አየሁት፤ ሦስት ክረምት አልፎታል።
የኔ ነው።
እጀታውን ወንድሜ ከዋንዛ ነው የጠረበው።
ሦስት ክረምት ሙሉ ከአጂፕ እስከ ቆጪ
ያደረ ጋዜጣ በራሴ ደፍቼ፣
«የሌባ ከተማ!» ብዬ ጅማን አምቼ።

ሳቅኩ ለብቻዬ። ሳቄ ግን አልቆየም፤
ከሥሩ ያለው እንዲህ አያስቅም።

ረውዳ አባ ራያ። ርእስ፦ የድጋፍ ደብዳቤ።
«መምህር፣ ቀነ ገደቡ ሚያዝያ ሃያ ነው፤ አደራ።»
ከሳምንት በኋላ፦
«መምህር፣ ምናልባት አልደረሰዎት ይሆናል ብዬ ነው።»
ሦስተኛው ርእስ የለውም።
አንድ ቃል ብቻ፦
«እሺ።»

የትኛው ጣሳ ውስጥ ይገባል ይሄ?
አባቴ ቢኖር አንስቶ ይለካው ነበር፦
ቁመቱ ሁለት ፊደል፣ ያልጎበጠ፣ ያልዛገ፣
ከአራት ዓመት በኋላም እግር የሚወጋ።

መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።
ጨለማው ውስጥ ዝናቡን ስሰማ ቆየሁ።
መብራት መጣ።

ጻፍኩላት፦ «ረውዳ፣ ይቅርታ፤ ዛሬ ነው ያየሁት።»
አጠፋሁት። ውሸት ነው፤
ያኔም አይቼዋለሁ፣ ስሟን፣ ርእሱን፣ ከላይ ከላይ።
«ዛሬ ነው ያነበብኩት» አልኩ።
እሱ ለጥቂት እውነት ነው።
ላክሁት።

አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፦
«ይቅርታ፣ የትኛው መምህር ነበሩ?
ያኔ ብዙ ሰው ነው የጠየቅኩት።»

ዘይነባ ቁልፏን እያንቃጨለች አለፈች፤
«ስንት ቀረህ?» አለችኝ።
ቁጥሩን አላየሁትም። «ጥቂት» አልኳት።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ አባ ፊጣ፣
በጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆሟል።
«መምህር፣ እንዲህ እየወረደ የት ይሄዳሉ?
ኑ፣ እስከ ባጃጁ ላድርስዎት።»
«እሺ» አልኩት።
ትከሻ ለትከሻ ተጠግተን፣ ጭቃውን እየዘለልን ሄድን።
የማን እንደሆነ አልነገርኩትም።
እጀታውን ግን አየሁት፤
ከእጁ ጋር ተላምዷል።