የጓዳው በር ዝርዝር

ከጓዳችን በር ጀርባ፣ ፕላስተር የያዘው፣
አንድ ወረቀት አለ፣ ዘጠኝ ጥቅምት ያየው፤
"ለጫካው መንደር" ይላል ራስጌው፣ "ከዓርብ እስከ ሰኞ ለምንቆየው"።
የባሌ የሃርመን እጅ ነው፣
ፊደሉ ሁሉ ያጋደለ፣ ነፋስ እንደሚገፋው።

አንሶላ። ፎጣ። ክብሪት። የሳህን ሳሙና።
(መንደሩ አንሶላ ያከራያል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም፤
ሃርመን ደግሞ ለገዛ እንቅልፉ ኪራይ አይከፍልም።)

"ዳይፐር" ተሰርዟል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤
"የክንድ ፊኛ" ተሰርዟል፤ ቴውን ዋና ቻለ፣ ፈርቶ ፈርቶ ፈርቶ።
"የፒም ሳህን"ም ተሰርዟል፤ በማን እንደሆነ አይታወቅም፤
ውሻችን ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መስመሩ ቀጥ አላለም፣
የሰረዘው እጅ ተንቀጥቅጧል፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ማክሰኞ ማታ ነው፤ የአተር ሾርባው ገና አልበረደም፣
ዮሪት ማንኪያውን አስቀመጠ፤ "እኔ ዘንድሮ አልሄድም።"
አሥራ ስድስት ሞልቶታል፤ ሱፐርማርኬት ተቀጥሯል፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ወተትና እርጎ ይደረድራል፤
"ደግሞ ያ የመስታወት ጣራ፣ ያ የሞቀ ገንዳ
የልጆች ነው።"
ሃርመን ዳቦውን ቆረሰ።
ሚርተ ከወንበሯ ተነሳች፤
"እንግዲያው መስኮት ያለው ክፍል የኔ ነው!" አለች።
እኔ? ሾርባ ጨመርኩለት። ሌላ ምን ይባላል?

ሐሙስ ሃርመን የመኪናውን ሆድ እንደ ግንበኛ ይሞላል፤
ከባዱን ከሥር፣ ስሱን ከላይ፣ ካልሲ በየስንጥቁ ይሰካል፤
"ለአራት ቀን ስምንት ጥቅል ሶፍት ምን ያደርጋል?" ይላል፤
አውጥቶ ይከታል፣ ከቶ ያወጣል።
ከኋላ አምስት የብስክሌት ማሰሪያ አለ፤ አራቱ ታሰረ፤
አምስተኛው ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ሲመታ አደረ።

ተነሳሁ፣ በባዶ እግሬ። ባትሪ ይዤ ጓዳ ገባሁ፤
"የዮሪት ቦቲ" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።
ከጎኑ ቁጥር አለ፣ እየተሰረዘ የተጻፈ፦ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሁለት፣
ሠላሳ ስድስት፣ አርባ፣ አርባ አራት።
ለካ በዚህ ወረቀት ላይ አንድ እግር ሲራመድ ኖሯል፤
እኛ ሻንጣ ስንዘጋ፣ እሱ ከበሩ ደርሷል።
እስክሪብቶውን ከደንኩት።

ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት። ዮሪት ሳይሰናበት ወጥቷል፤
የቀረነው መኪና ውስጥ ነን፣ ቀበቶ ታስሯል፤
ቴውን የዋና መነጽሩን ከወዲሁ አጥልቋል።
"ምድጃውን ላጥፋ!" ብዬ ዋሸሁ፤ ወጥ ቤት ተመለስኩ።
ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ዝም ብዬ ቆምኩ።
ፍሪጁ ያንጎራጉራል። ቧንቧው ጠብ ይላል፣ ያቆማል።
"እማ" የሚል የለም።
"የት አስቀመጥሽው?" የሚል የለም።
አንድ ደቂቃ፣ ምናልባት ሁለት፤
ያለ ሻንጣ፣ ያለ ገንዳ፣ የኔ ዕረፍት።

ከዚያ በሩን አየሁት። ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ በስሱ፣
ትናንት ያልነበረ መስመር፤ የልጄ ጽሕፈት፣ የራሱ፦
"ዮሪት። እሁድ ጠዋት፣ በአራት ሰዓቱ ባቡር።
ከጣቢያ መውሰድ እንዳይረሳ።"
ራሱን እንደ ዕቃ ጽፏል፣ ከክብሪቱና ከሳሙናው ሥር።

ጡሩንባ ተነፋ። ቦቲዎቹን ከደጃፉ አነሳሁ፣ አርባ አራቱን፤
"ቦታ የለም!" አለ ሃርመን፣ ሳያይ እንኳ ዓይኔን።
ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው።
ከዴቬንተር እስከ ድሬንተ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር፣ ከሶላቸው
ያምናው የጫካ ጭቃ ቀሚሴ ላይ ይረግፋል፣ ደርቆ፤
የጥድ ቅጠልም አለበት፣ አንዲት መርፌ፣ ተጣብቆ።