ከሒሳቡ በኋላ

እኔ ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ፤ ግሪምስቢ፣ ከወደቡ ጀርባ፤
የምጠራው ማታ ነው፣ ውሃ ሳሎን ሲገባ።
ደላላው ከሄደ፣ ፊርማው ከደረቀ፣
ደስታው ከነጠርሙሱ ተጠጥቶ ካለቀ፣
ያኔ ነው ስልኬ የሚጮኸው።

ክላይቭን ያገኘሁት እንዲህ ነው፤
ምድር ቤት ተንበርክኮ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣
የዳቦ መኪና ነጂ፣ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሌሊት ዳቦ ሲያድል ኖሮ፣
ፋብሪካው ሲዘጋ የስንብት ካሳውን ቆጥሮ፣
አንድ ቅዳሜ ሆቴል አዳራሽ ገብቶ ተቀመጠ።
ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው መድረኩ ላይ ተንጎራደደና
«የተኛ ገንዘብ የሞተ ነው!» ብሎ አፈጠጠ፤
ክላይቭም አዲስ ደብተር ገለጠ።

ቤቱን በጨረታ ገዛው፣ በስልክ፣ ሳያየው።
አርባ ሁለት ሺህ ፓውንድ! «እንዲህ ረክሶ» አለኝ፣ «እንዴት ልለፈው?»
ፎቶው ከፊት ብቻ ነው፣ በበጋ ፀሐይ የተነሳ፤
የጀርባውን ግድግዳ ማን አስታውሶ ያንሳ?

ደብተሩን አሳየኝ።
«ኪራይ፣ በአሥራ ሁለት ሲባዛ» ይላል ከላይ፤
ዓመቱ ሙሉ ነው፣ ተከራይ አይለቅም እዚያ ገጽ ላይ።
ቦይለር አይፈነዳም፣ ጣሪያ አያፈስም፣
የባንኩ ወለድ እንኳ ካለበት አይነቃነቅም።
ጠበቃ የለም። ቀለም ቀቢ የለም።
እኔም የለሁ፤
ይኸው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ፣
በየሰዓቱ ስልሳ ፓውንድ እቆጥራለሁ።

ጎረቤቱ ኦድሪ ናት፤ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፤
ጫጫታችንን ሰምታ አጥሩ ጋ መጣች ከነድመቷ።
«ያ ግድግዳ» አለች፣ «ባሌ ሳይሞት ጀምሮ ያልበዋል፤
ከወጥ ቤቱ ሥር ያለው አረም ሲሚንቶ ይበሳል፤
ካንተ በፊት ሦስት ሰው ገዝቶት፣ ሦስቱም ሸጠውታል።»
ክላይቭ ዝም አለ።
«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፤ የትም አልሄድ ከደጃፌ፤
አንድ ኩባያ ሻይ ይዘህ ብትመጣ፣ ሁሉን ትሰማ ነበር ከአፌ።»

ከዚያ ተከራይ መጣ፤ ሳቁ ሰፊ፣ እጁ ሙቅ።
ወረቀት አልተጠየቀም፣ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅ።
«ዓይኑን አይቼ አመንኩት» አለ ክላይቭ።
የመጀመሪያውን ወር ከፈለ፤
የሁለተኛውን ግማሹን ከፈለ፤
በአራተኛው፣ ከነመዳብ ቧንቧዬ ኮበለለ።
(የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤
በቁርጥራጭ ብረት ሱቆች በኩል ሳልፍ እስከ ዛሬ በዓይኔ እፈልገዋለሁ።)

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤
ግን እኔስ ምን አፍ አለኝ?
እኔም ስፔን ባሕር ዳር ፎቅ ገዝቼ ነበር፣ በሥዕል፣
መዋኛው ሰማያዊ፣ ዘንባባው ቀጥ ያለ፣ ሰው ሁሉ በሥዕሉ ላይ ቀጭን።
ሥዕሉ አለኝ። ፎቁ ገና አልተሠራም።
ክሬኑ እዚያው ቆሞ ዝገቱን ለነፋስ ያራግፍ ይሆናል።
ሚስቴ ስለዚያ አንስታ አታውቅም፤
አለማንሳቷ ነው የሚያስከፍለኝ።

ክላይቭ አሁን ወደ ሌሊቱ ተመልሶ የሌላ ፋብሪካ ዳቦ ይነዳል፤
እንዲያኖረው የገዛውን ቤት፣ እሱ ያኖረዋል።
ባለፈው ማክሰኞ ቫልቭ ልቀይር ስሄድ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤
ጽሕፈቱ ያው ቀጥ ያለ ነው፤ ከሥር ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦
«ለማላውቀው ነገር፣ በወር ሦስት መቶ።»

አንብቤ ዝም አልኩ።
ሒሳቤን ጻፍኩ፤ ከዚያው መስመር ላይ ከፈለኝ ቆጥሮ፣
ትኩስ ዳቦ ጨመረልኝ፣ በወረቀት አስሮ።

ስወጣ ከመንገዱ ማዶ «ተሽጧል» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል።
ሁለት ወጣቶች ቁልፍ ከፍ አድርገው ይዘው ፎቶ ይነሳሉ፣
ከፊት ለፊት፣ በፀሐይ።
ቀና ብዬ አሸንዳውን አየሁት፤ ወደ ግራ አዘንብሏል።
አፌን ከፈትኩ፤ ዳቦው ሞቀኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።
ማንም አልጠየቀኝ።
ስልኬ ቻርጅ እንዳለው አየሁና መኪናዬን አስነሳሁ።