ከውሉ የጎደለ

ኩህሞ፣ ፊንላንድ። መጋቢት። ሐይቁ ገና ድንጋይ ነው።

ቀድሞ የመጣው ሰው፣ ዩሮውን ዘርግቶ፣
«ወረቀቱ ይቅር፣ ልጨምር» አለ ተጠግቶ።
ኢርጃ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳርም ጨመረች፣
«መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ በል» ብላ ሸኘች።

ማክሰኞ ቱይጃ መጣች፣ የፖስተኛው ልጅ፣
ፈቃድ ከነማኅተሙ፣ መታወቂያ በእጅ።
ቁጥሩን በመነጽር ከብረቱ ላይ ለቅመው፣
አንዷ ጠራች፣ አንዷ ጻፈች፣ ሁለት ጊዜ ደግመው።
መቀርቀሪያው ተነቅሎ ባዶነቱ ታየ፤
በአፈሙዙ ቀዳዳ ጥዱ ከሐይቁ ተለየ።

«ሻጭ» ከሚለው አጠገብ ልትፈርም ስትል ቆመች፤
አርባ ዓመት «የታውኖ ነው» ስትል ነበር የኖረች።
የውርስ ወረቀቱ ግን «ያንቺ ነው» ይላታል።
ፊርማዋ ጠመም አለ፤
ለሕጉ ይበቃል።

ጠብመንጃው በማኅደሩ፣ ጥይቱ ለብቻው፣
ቱይጃ ጭና ሄደች። በረዶ ሸፈነው
የጎማዋን ዱካ።

ማታ የታውኖን ካፖርት ስታራግፍ፣ ከኪሱ
አንድ ቀለህ ወደቀ፣
ውሉ ያልቆጠረው።
ከከንፈሯ አስጠግታ
እፍ አለችበት፤ አፏጨ።
ያረጀው ውሻ ጆሮውን አቆመ፣
በሩን አየ፣
እንደገና ተኛ።