የታጠፈ ባና

ከአልጋው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
አራት ዓመት ተኛ ባናዬ፣ ሥራ ፈቶ ውሎ።
እታፈራሁ ናት፣ እህቴ፣ ፈትላ ያሠራችው፣
ስሄድ ትከሻዬ ላይ እንደ ዕዳ የጫነችው፣
"ናዝሬት ቢበርድህስ?" ብላ።
አገሩን አላውቀው፣ አልሳቅሁባት ያኔ፤
አሁን አንሶላው ሲያልበኝ፣ እስቃለሁ ለብቻ እኔ።

የአብሮ አደጌ የሽብሩ ነው ምክሩ፤
"ጎማ በሚፈነዳበት እንጀራ አይጠፋም" ነው ነገሩ።
አልዋሸም፤ አልጠፋም።
ቤቴን ሸጥሁ፤ የድንጋይ ካቡን፣ የጓሳ ክዳኑን፣
ጉም እንደ እንግዳ ሳያንኳኳ የሚገባበትን ደጃፉን፤
ኮምፕረሰር ገዛሁበት።
እናም ቤቴ ዛሬ አየር ነው፤
ይጮኻል፣ ይሞላል፣ በቱቦ ይወጣል፣
የጅቡቲ መኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ
እኔን እዚሁ አስፋልት ዳር ትቶ ይሄዳል።

አዳማ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን በቀለለኝ።
ንፋሱ ነው ብቻ፣ አቧራውን ይዞ እየዞረ ያልተወኝ።
ከኮረብታው ላይ የቆሙት እነዚያ ነጫጭ ማማዎች
ሦስት ሦስት ክንፍ አውጥተው፣ ሲበሩ ውለው አደሩ፤
አንድ ስንዝር ፈቀቅ ሳይሉ፣ ከቆሙበት ሳይሻገሩ።
ዘመዶቼ እላቸዋለሁ።

ልጄ ግን አደገበት። ከሰፈሩ ልጆች ጋር
በኦሮምኛ ይጣላል፣ በኦሮምኛ ይታረቃል፤
እታፈራሁ ደውላ "ናዝሬት እንዴት ነው?" ስትለኝ
ከጎኔ ሆኖ "አዳማ!" ብሎ ያርማታል።
ባለፈው እንዲህ አለችኝ፦
"ገዢው ቤትህን ቆርቆሮ አለበሰው፤
ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል።
ጓሳው ዝም ይል ነበር።"
ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣
በግ የጫነ አይሱዙ ቆመ፣ የኋላ ጎማው ተንፍሶ።
ጠጉሩን አየሁ፤ ሸተተኝ፤
እጄ ክብሪቱ ላይ ሳለ፣ አፍንጫዬ ጥሎኝ ሄደ።
"ከየት ነው?" አልሁት ሾፌሩን።
"ከመሐል ሜዳ።"
"ውርጩስ እንዴት ነው?"
እንደ እብድ አየኝ።
የበግ ዋጋ ይጠየቃል እንጂ፣
ውርጭ የሚጠይቅ ጎሚስታ አይቶ አያውቅ መሰለኝ።
"በጉን አራግፌ ሌሊት እመለሳለሁ፤ ጋቢናው ባዶ ነው" አለ፣
እንዲያው ለነገሩ ያህል።

ማታ ለውድነሽ ነገርኋት።
የልጁ ሱሪ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ ቀና አላለችም፤
ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣
"ሂድ እሺ። ማን ቤት ልትገባ?" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ኪራይ ልከፍል ወጣሁ፣ መልስ ከማጣት ብዬ።
አዴ ዲንሴ ከውስጥ ሆና፣ ሁሌ እንደምትለኝ፣ "ገሊ!" አለች።
ልጄ ነው አንድ ቀን የፈታልኝ ይህን ቃል፤
"ግባ" ማለት ነው አባዬ፣ ደግሞም
"ወደ ቤትህ ተመለስ" ማለት ይሆናል።
አራት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ መጨረሻ፣
ሁለቱን ባንድ አፍ ስትለኝ ኖራለች፤
እኔ አንዱን ብቻ ነበር የምሰማ።
ደጃፏ ላይ ቆምሁ፣ ብሩን ጨብጬ፣
መግባትም መመለስም አቅቶኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩምባው ተሰማ።
ሁለቴ። ለእኔ ይሁን ለውሻ፣ እንጃ።
ባናውን አወጣሁ፤ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤
ውድነሽ ዓይኗን ጨፍና እንዳልተኛች አወቅሁ።
መኪናው ግን ሄደ።
የለጠፍሁት ጎማ ሄደ፤
ውስጡ የሞላሁት አየርም፣ የሸጥሁት ቤቴ ትንፋሽ፣
በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ፣
ሲነጋ ደጃፌ ያልፋል፤
ምናልባትም እዚያው ይተነፍስ ይሆናል።

እኔ ባናውን ለብሼ፣ በዚህ ሙቀት፣
በላብ ተጠምቄ፣
እስኪነጋ ተኛሁ።